ሐይቁን የሚያቆሽሸው ሒሳቡ ነው፦ ስለ ዝዋይ ሐይቅና ስለ ማሳ ኬሚካል ግልጽ ደብዳቤ

ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለግብርና ሚኒስቴር
ለውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከማሳ ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚገባውን ብክለት በዋጋና በክፍያ ስለ መቀነስ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ ለሦስት መሥሪያ ቤት በአንድ ላይ የምጽፈው ጉዳዩ በመካከላችሁ ስለሚወድቅ ነው። ማሳው የግብርና ነው። ሐይቁ የውኃ ነው። ታክሱና ድጎማው የገንዘብ ነው። ብክለቱ ግን የማንንም በር ሳያንኳኳ ከቦዩ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

የመቂ ልጅ ነኝ። ያደግኩት በሽንኩርትና በቲማቲም ገንዘብ ነው። የተማርኩት ደግሞ ኢኮኖሚክስ ነው። ስለዚህ የዝዋይ ሐይቅ ነገር ሲነሳ "ገበሬው ግንዛቤ ያንሰዋል" ተብሎ ሲዘጋ ያናድደኛል። ገበሬው ሒሳብ አሳምሮ ያውቃል። ችግሩ ሒሳቡ ራሱ ነው። ሐይቁን የሚያቆሽሸው አሠራር ርካሽ፣ ሐይቁን የሚያድነው ውድ ሆኖ ተቀምጧል። ይህን ሥልጠና አይገለብጠውም። ዋጋ ይገለብጠዋል፤ ዋጋ ደግሞ በእናንተ እጅ ነው።

ሐይቁን በቅርብ ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ዝዋይ፣ ወይም ደንበል፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስፋቱ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከዳር ሆነው ሲያዩት ባሕር ይመስላል። ጥልቀቱ ግን በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች፣ የከታር ወንዝ ከአርሲ ደጋ ውኃም ደለልም ያመጡለታል። የሚወጣው በቡልቡላ በኩል ነው፤ ቡልቡላ ደግሞ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። አቢጃታ ምን ያህል እንደሸሸ በመንገዱ ያለፈ ሁሉ አይቷል። የባቱ ከተማ የሚጠጣው ከዝዋይ ነው። ዓሣ አስጋሪው ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጣው ከዚሁ ነው። በደሴቶቹ ላይ የሚኖሩት ዛዮችም ኑሯቸው ከሐይቁ ጋር የተሳሰረ ነው። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ የገባበትን ነገር የሚያቀጥንበት ብዙ ውኃ የለውም።

የሚገባው ምንድን ነው? አንዱ ሰብሉ ያልተጠቀመበት ማዳበሪያ ነው። የዩሪያው ናይትሮጅን በውኃ ሟሙቶ ይሄዳል። ፎስፎረሱ አፈሩ ላይ ተጣብቆ ከደለሉ ጋር ይወርዳል። ሁለቱም ለአልጌና ለእምቦጭ ቀለብ ናቸው። ሌላው የተባይ መድኃኒቱ ነው። ቅጠል ላይ የቀረው በዝናብ ይታጠባል፣ መርጫው ውስጥ የተረፈው ዳር ላይ ይደፋል።

እምቦጭ ካልኩ አይቀር የጣናን ነገር ላንሳ። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠር ሰው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ማሽን ተገዝቷል፣ ገንዘብ ተዋጥቷል። አረሙን የሚቀልበው ከማሳ የሚወርደው ንጥረ ነገር ግን እንዳለ መውረዱን ቀጥሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄ ነው። አረም ለማስነቀል በጀት ይገኛል፤ የአረሙን ቀለብ ለማቋረጥ አይገኝም። አሁን እምቦጩ ዝዋይም ገብቷል። የጣናን ወጪ እዚህ ከመድገማችን በፊት ነው የምጽፍላችሁ።

እስቲ የሐይቁን ዳርቻ በዋጋ ዓይን እንየው። ገበሬው ከሐይቁ ለሚስበው ውኃ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ለፓምፑ ነዳጅ ነው። እስከ ውኃው አፍ ድረስ ማረስ ሁለትና ሦስት መስመር ሽንኩርት ይጨምርለታል። ፊላውንና ደንገሉን ቆርጦ ማቃጠል መሬት ያሰፋለታል። መርጫውን ሐይቁ ውስጥ ማለቅለቅ ነፃ ነው። ከመድኃኒቶቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ርካሾቹ የቆዩትና ኃይለኞቹ ናቸው። ለስለስ ያሉት አዳዲሶቹ ይወደዳሉ። ከዳርቻው ጥቂት ሜትር ለሣር የተወ ገበሬ ምን ያገኛል? ጎረቤቱ "ሞኝ" ይለዋል። እውነቱን ነው፤ ገበያውም ሞኝ ነው የሚለው።

የመድኃኒቱን ነገር ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል። ገበሬው የታመመ ቅጠል በእጁ ይዞ ከተማ ይገባል። የሚሄደው ወደ መድኃኒት ሻጩ ነው። ሻጩ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጎ ያይና ሁለት ጠርሙስ ያወጣል፤ አንዱ ለበሽታው፣ አንዱ ለትሉ። "ቀላቅለህ እርጨው።" ልኩ በክዳን ነው። ለአንድ መርጫ ሁለት ክዳን። ትሉ ካልሞተ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት። ሐኪሙም ሻጩም አንድ ሰው ነው፤ ብዙ ባዘዘ ቁጥር ብዙ ያተርፋል። ማሳው ላይ መርጫው የሚሞላው ከሐይቁ፣ የሚታጠበውም እዚያው ነው። ባዶው ጠርሙስ ቦዩ ውስጥ ይጣላል። ደህናው ፕላስቲክ ደግሞ ቤት ይሄድና ናፍጣ፣ አንዳንዴም የመጠጥ ውኃ ይያዝበታል። በ2004 ዓ.ም. የቲማቲም ቅጠልና ፍሬ የሚቦረቡረው ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይ አገር ውስጥ ከገባ ወዲህ ርጭቱ ብሶበታል።

ለምን ይሄን ያህል ይረጫል? ሽንኩርት ቁማር ስለሆነ ነው። ዘሩ በብድር፣ መሬቱ በኮንትራት፣ ነዳጁ በዱቤ። ዋጋው ሲወርድ ሽንኩርቱ ለመንቀያ የሚከፈለውን እንኳ አያወጣም። እንዲህ የተወጠረ ሰው አንድ ተጨማሪ ርጭት በመቶ ብሮች የሚገዛው ኢንሹራንሱ ነው። የአረቦኑን ገንዘብ የሚቀበለው የመድኃኒት ነጋዴው ነው እንጂ ኢንሹራንስ ኩባንያ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ገዢም ቢሆን የሚከፍለው ለመልክ ነው። ቲማቲሙ ነጥብ ካለበት ዋጋው ይወድቃል። ስንት ጊዜ ተረጨ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የኮንትራቱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ባለመሬቱ መሬቱን ለአንድ ወይ ለሁለት ወቅት ለሌላ ይሰጣል። ተከራዩ ከአራት ወር በኋላ እዚያ የለም። ለአፈሩም፣ ለዳርቻውም፣ ለቀጣዩ ዓመት ውኃም የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። የምታወጡት ክፍያም ሆነ ቅጣት ባለመሬቱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ማሳው ላይ ያለውን ሰው ስታችሁታል ማለት ነው።

አሁን ምን ይደረግ ወደሚለው ልምጣ። መጀመሪያ ምን እንዳይደረግ ልናገር። እባካችሁ በማዳበሪያ ላይ አገር አቀፍ ታክስ አትጣሉ። ኦስትሪያ፣ ፊንላንድና ስዊድን ሞክረውታል። የስዊድኑ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 2009 ቆይቷል። ገንዘብ ይሰበስባል፤ ገበሬው ግን ዋጋው ትንሽ ስለጨመረ ብቻ ብዙ አይቀንስም። ለእኛ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የጎጃም ጤፍ አምራች በሄክታር የሚጨምረው ከአውሮፓው ገበሬ በእጅጉ ያንሳል። ማዳበሪያው በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ምን እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ድጎማውን በቢሊዮን እየከፈላችሁ ነውና። በአንድ እጅ እየደጎሙ በሌላው መቅረጥ አያዋጣም። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያን በአንድ ጀንበር ከልክላ፣ የሩዝ ምርቷ ወርዶ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ውሳኔዋን መልሳለች። የእኛ ብክለት የአገር ሙሉ አይደለም፤ የቦታ ነው። ውኃ ዳር፣ በፓምፕ፣ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ አትክልት የሚመረትበት ቦታ ነው። መድኃኒቱም ቦታውን ይከተል።

የሆላንዱንም አትቅዱ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እርሻዎች የገባውንና የወጣውን ናይትሮጅንና ፎስፌት መዝግበው፣ ከተፈቀደው በላይ ለተረፈው እንዲከፍሉ አደረጉ። ሐሳቡ ያምራል። ግን ወረቀት በወረቀት ሆነ፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ2003 የኅብረቱን የናይትሬት ሕግ አያሟላም አለው። በ2006 ተተካ። ደረሰኝ የሌለው የግማሽ ሄክታር ገበሬ ይህን መዝገብ ይይዛል ብሎ ማሰብ ቀልድ ነው።

የዴንማርኩ ግን ለእኛ ይሆናል። ዴንማርክ በፀረ ተባይ ላይ ታክስ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ነበራት። በ2013 አስተካከለችው፤ ታክሱ በመድኃኒቱ ዋጋ ላይ መመሥረቱ ቀርቶ ለሰው ጤናና ለአካባቢ ባለው ጉዳት መጠን ሆነ። መርዛማው ተወደደ፣ ለስላሳው ረከሰ። እኛ ጋ ይህን ለመጀመር አዲስ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የአደጋውን ደረጃ የሚናገር የቀለም መስመር አለ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ፀረ ተባይ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ሳይመዘገብ አይሸጥም። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ምዝገባውን ይዟል። ቀዩና ቢጫው ላይ ክፍያ ጣሉ፣ በተገኘው ገንዘብ አረንጓዴውን አርክሱ። ገበሬው ሱቅ ሲገባ ልዩነቱን በኪሱ ይወቀው።

አንድ ሰው ወዲያው "ኮንትሮባንድ!" ይለኛል። ልክ ነው። ሕጋዊው ሲወደድ ሕገወጡ በጓሮ ይገባል። ለዚህ ነው ክፍያው ዝቅ ብሎ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይደግ የምለው። ለዚህም ነው ከጠርሙስ ማስያዣ ጋር አብሮ ይምጣ የምለው። የቢራ ሳጥን ስንወስድ ማስያዣ እንከፍል የለ? ባዶውን ስንመልስ ገንዘባችን ይመለሳል። መንገድ ላይ የተጣለ የቢራ ጠርሙስ ብዙም የማይታየው ለዚህ ነው። የመድኃኒት ጠርሙስም እንዲሁ ይሁን። ማኅተም ያለው ሕጋዊ ጠርሙስ ሲመለስ ገንዘብ ያስገኛል። ኮንትሮባንዱ አያስገኝም። ብራዚል አምራቾችና ሻጮች ባዶ ዕቃውን እንዲሰበስቡ የሚያስገድድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2000 አውጥታ፣ ዛሬ አብዛኛው የመድኃኒት ፕላስቲክ ይመለሳል። እኛ ጋ ማስያዣ ቢጨመርበት የሰፈር ልጆች ቦዩን በሁለት ሳምንት ያጸዱት ነበር። (ጓንት ግን ስጧቸው።)

ዋናው ጥያቄዬ ግን ዳርቻው ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈልገውም እሱ ነው።

ከአንድ ማሳ ምን ያህል ናይትሮጅን እንደወረደ መለካት አይቻልም። ቱቦ የለው፣ ቆጣሪ የለው፤ የመቶ ሰው ውኃ በአንድ ቦይ ተቀላቅሎ ነው የሚወርደው። የፋብሪካን ብክለት ለመቅጣት የተሠራው አሠራር ማሳ ላይ የሚከሽፈው ለዚህ ነው። ሣር ግን ይታያል። ከሐይቁ አፍ ተነስቶ ሃያ ሜትር ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ያለው ማሳና የሌለው ማሳ በስልክ ፎቶ እንኳ ይለያሉ። ሣሩ ደለሉን ያስቀራል፣ ፎስፎረሱንም ከደለሉ ጋር። ናይትሮጅኑንም የተወሰነውን ሥሩ ይጠጣዋል። ስለዚህ ለማይታየው ከመጨቃጨቅ ለሚታየው እንክፈል። ገበሬው በዚያች ሃያ ሜትር ላይ ያጣውን የሽንኩርት ትርፍ በየወቅቱ ካሱት። ሣሩን አጭዶ ለከብት ይሸጠው፤ ይህ የካሳውን ልክ ያሳንሳል። መኖ አሁን ምን ያህል እንደተወደደ የባቱ ገበያን ጠይቁ።

"ለአጥፊ ሽልማት ነው እንዴ?" የሚል ይኖራል። የተከበረ ጥያቄ ነው። መልሴ መስመር ይኑር የሚል ነው። መርጫ ሐይቅ ውስጥ ማጠብ፣ ጠርሙስ መጣል፣ የተከለከለ መድኃኒት መርጨት ከመስመሩ በታች ናቸው። ቅጣት እንጂ ክፍያ የላቸውም። የራሱን ምርታማ መሬት ለሁላችን ውኃ ሲል ከእርሻ ያወጣ ሰው ግን አገልግሎት ሸጦልናል። ኒውዮርክ ከተማ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመጠጥ ውኃዋን ለማጣራት ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ጣቢያ ከፊቷ ተደቀነ። ከዚያ ይልቅ ውኃው ወደሚመነጭበት ወደ ካትስኪል ተራሮች ሄደች። ለወተት ገበሬዎቹ ከወንዝ ዳር አጥርና የፍግ ማከማቻ በራሷ ወጪ ሠራችላቸው። በ1997 ስምምነት ተፈረመ። መሬት ገዛች፣ የገጠሩን ፍሳሽ ማጣሪያም አሻሻለች። ወጪው ከጣቢያው ዋጋ በብዙ አነሰ። የከተማው ሰው በውኃ ሒሳቡ ላይ ለገበሬው ይከፍላል፤ ገበሬውም እርሻውን አልተወም።

ባቱ ኒውዮርክ አይደለችም፤ የከተማው የውኃ አገልግሎት ብቻውን አይችለውም። ከፋዮቹ ብዙ ይሁኑ። ከመድኃኒቱ ክፍያ የሚገኘው አንዱ ነው። በትልልቅ ፓምፕ ውኃ የሚስቡት የሚከፍሉት ሌላው ነው። ውኃ በፈቃድና በክፍያ እንደሚተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከተናገረ ቆይቷል። አንድ ትንሽ ፓምፕ ያለው ገበሬ ከክፍያው ይቅር። ቀላሉ መለኪያ የፓምፑ መጠን ነው፤ ቆጣሪ እስኪገጠም መጠበቅ አያስፈልግም።

የአበባ እርሻዎቹስ? ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ዳር ሰፍረዋል። ስለ እነሱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ አጭር ነኝ። የእነሱ ፍሳሽ በቱቦና በቦይ ስለሚወጣ ይለካል። ስለሚለካ በልኩ ይከፈልበት። ሰው ሠራሽ ረግረግ ሠርቶ ፍሳሹን የሚያጣራ እርሻ ትንሽ ይክፈል፣ የማያጣራ ብዙ ይክፈል። የዘርፉ የሥነ ምግባር ደንብ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ የሚል ደረጃ አለው፤ ደረጃው ዛሬ ለውጭ ገዢ ነው የሚታየው። ለሐይቁም ይታይ፣ ክፍያው ውስጥ ይግባ። ብቻ ሁሉንም ጣት ወደ አበባው መቀሰር ልክ አይደለም። ሽንኩርቱ አለ። ከደጋው የሚወርደው ደለልም አለ፤ የጉራጌና የአርሲ ተዳፋት እርከን ካልተሠራለት መቂና ከታር ፎስፎረሱን ማምጣታቸውን አያቆሙም።

ይህን ሁሉ የሚፈቅድ ሕግ አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይላል። ብክለት የሚቀንስ ዘዴ ለሚጠቀም ማበረታቻ እንደሚኖርም ይናገራል። ቅጣቱ ላይ ብዙ ተነጋግረናል። ማበረታቻው ለገበሬው ማሳ አልደረሰም።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። ክፍያውን ለግለሰብ ብቻ አትስጡ። የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ ሰውነት አለው። አንድ ማኅበር ውኃውን የሚያወርድበት ቦይ አፍ ላይ በየወሩ ናሙና ይወሰድ። ናሙናው ከዓመት ዓመት ከተሻሻለ ማኅበሩ ጉርሻ ያግኝ። ማን ምን እንደረጨ የመንግሥት ተቆጣጣሪ አያውቅም፤ ጎረቤቱ ግን ያውቃል። እድር የሚያስተዳድር ሰው ጎረቤቱን እንዴት እንደሚይዝ ማንም አያስተምረውም። ውጤቱም የቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ዛሬ የሐይቁ ውኃ ተመርምሮ ውጤቱ ለተመራማሪ ይደርሳል፣ ለጠጪው አይደርስም።

ገንዘቡም እዚያው ይቅር። ከዝዋይ ዳርቻ የተሰበሰበ ክፍያ አጠቃላይ ካዝና ገብቶ ከቀረ ገበሬው "ሌላ ግብር መጣ" ብሎ ይሸሻል። ትክክልም ይሆናል። ለተፋሰሱ የተለየ ሒሳብ ክፈቱለት። የገባውና የወጣው በየዓመቱ ይነገር።

አስቸኳይ የምለው በከንቱ አይደለም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት መሠረት ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የማምረት አቅም ያለው ፋብሪካ ሊገነባ ነው። ደስ ይላል፤ ለጤፉም ለስንዴውም ያስፈልጋል። ማዳበሪያው ሲበዛና ሲረክስ ግን ውኃ ዳር ያለው የአትክልት ማሳ ላይ የሚፈሰውም ይበዛል። ዳርቻው ከዚያ በፊት ሣር ይኑረው።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ከመቂ ወንዝ መግቢያ እስከ ባቱ ከተማ ባለው ዳርቻ ለሁለት የመስኖ ወቅት ይሞከር። የሣር ክፍያው፣ የጠርሙስ ማስያዣውና የቦይ ናሙናው አንድ ላይ ይጀመሩ። ከሻጭ ያልተቀጠሩ፣ ቅጠል አይተው "አትርጭ" ማለት የሚችሉ ሁለት ሦስት ባለሙያዎች ይመደቡ። ተከራዩም ባለመሬቱም ውሉ ላይ ይፈርሙ። የሽንኩርት ችግኝ የሚፈላው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ያኔ ገበሬው ኮንትራቱን ተፈራርሞ፣ መድኃኒቱንም በዱቤ ወስዶ ጨርሷል። ስለዚህ ውሳኔያችሁ ከነሐሴ በፊት መድረስ አለበት።

ከሰላምታ ጋር
ከአንድ የመቂ ሽንኩርት አምራች ቤተሰብ ልጅ

ግልባጭ፦
ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
ለባቱ ከተማ አስተዳደር
በሐይቁ ዙሪያ ላሉ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበራት